ከስልሳ ሦስት በኋላ ያሉት ቁጥሮች

መጋቢት 4፣ ሰኞ
ልብስ አስጥቼ ሳልጨርስ ሪሃብ ጣራ ላይ መጣች። ሰው አገር ተቀጥሬ የምሰራላት የማዳም ልጅ፣ ጃምዓ፣ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፣ ምህንድስና የምትማረው። በርሚል ውሃ ሞላች፣ ከስሩ ቧንቧ አለው። ስትከፍተው መጀመሪያ ይምዘገዘጋል፣ ሲጎድል እየደከመ ይሄዳል። ለምን አልኳት። ከላይ የሚጫነው ውሃ ስለሚያንስ ነው አለች። ፍጥነቱ በየደቂቃው ሌላ ነው። የአንዷን ደቂቃ ፍጥነት ብቻ ነጥሎ የሚያወጣ ሂሳብ አለ፣ ተፋዱል ይሉታል። ገባኝ ደብተሬ! እኔ ከአራተኛ የቀረሁት!

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት
ወይኔ ጉዴ። የበርሚሉ ልኬት ለካ የጃምዓ ስራዋ ነው፤ ሪሃብ ፈተና ስላለባት ለኔ ትታው ሄደች። በየአምስት ደቂቃው ዘንግ እየነከርኩ ስንት ሳንቲ ውሃ እንደቀረ ልጽፍ። 80። 71። 63። ከዛ መንገድ ላይ የፖሊስ መኪና። ከሻ! ወረቀት የሌለውን ይለቅማሉ። አንዷን ሐበሻ በሻሿ ሲጎትቷት አየሁ። እኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የለኝ። ወርጄ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተደበቅኩ። ስመለስ በርሚሉ ባዶ። ከ71 እስከ 63 ስምንት ነው። እኔም ስምንት ስምንት እየቀነስኩ ወረቀቱን ሞላሁት። 55፣ 47፣ 39… እስከ 7። ሳላይ።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ
ሪሃብ ሳመችኝ። ቁጥር አጻጻፍሽ ያምራል አለች። ወረቀቱ ላይ ስሜን ጻፈች፣ የለካችው ሰዓዳ ብላ። ስሜ ከፓስፖርት ሌላ የትም ተጽፎ አያውቅም። ሁሉንም በአይንሽ አይተሻል? አለች። ወላሂ አልኩ። ወላሂ! ምላሴ በተቆረጠ። የቁጥሮቹን ስዕል እሁድ ክፍል ውስጥ ይሰሩታል።

መጋቢት 8፣ ጁምዓ
ሶላት ላይ ስምንት ስምንት ይለኛል። ዴም ሰፈር ሻይ ቤት ለምትሰራው ለአገሬ ልጅ ለዘሀራ ደወልኩ። ሳቀችብኝ። “አንቺ ሞኝ! ሰው ወርቅ ሰርቆ ይተኛል፣ አንቺ ቁጥር ሰርቀሽ ታለቅሻለሽ? ያላ፣ ዝም በይ!” እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ባሰብኝ።

መጋቢት 10፣ እሁድ፣ 8 ሰዓት
ሪሃብ አይኗ አብጦ መጣች። ቁጥሩን ሲስሉት ከ63 ወዲህ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ። አስተማሪዋ፣ ኡስታዙ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ያንቺ ውሃ አይደክመውም እንዴ? ብሎ አሳቀባት። ተፋዱሉ በርሚሉ ሲሞላም ሲጎድልም ያው ነው፣ እንዲህ ያለ በርሚል የለም፣ ቁጭ ብለሽ የፈጠርሽው ነው አላት። ነገ መምህራን ተሰብስበው ስራዋን ሊሰርዙባት ነው። እሷ ምን አለች መሰለሽ? ሰዓዳ አትዋሽም፣ ምላልኛለች።
ምድር በዋጠችኝ።
ነግራኝ ነበር እኮ፣ እየደከመ ነው የሚሄደው ብላ! ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ማን ያስታውሳል።

10 ሰዓት
ብናገር ማዳም ታስወጣኛለች። ውጪ ከሻ አለ። ዝም ብል ሪሃብ በኔ ውሸት ውሸታም ተባለች። ከምሳ ጀምሮ ሁለቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሁለተኛው በሩን ከፍታ አየችኝና ገብተሽ አረፍ በይ፣ ደክሞሻል አለችኝ። እኔን! ፊቷን ማየት አቃተኝ።
በቃ። ለሁለቱም እናገራለሁ፣ ማዳምም ትስማ። መደበቄንም፣ ወላሂውንም። ነገ ጃምዓ አብሬያት ሄጄ ለኡስታዙ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። መንገድ ላይ ቢይዙኝስ? ይያዙኝ። አላህ ሆይ እግሬን አጽናው። ሪሃብ እየጠራችኝ ነው፣ ደረጃው ላይ ናት። ልነግራት ሄድኩ።