አበባ መሃል የቆመው ማሽን

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ። እንደምን ሰንብተሻል? እኛ የግንባታውን አቧራ ካልቆጠርነው ደህና ነን፣ ይመስገን።

አባትሽ መካኒክ ሆኖ ያረጀበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰፈር ሆነልሽ። ቦይለር ቤቱ ካፌ፣ መጋዘኑ መኖሪያ ቤት፣ ጣሪያው ሁሉ ሣር። ጣሪያ ላይ ሣር! ፍየል ብቻ ነው የቀረው። ለእኛም እዚያው ቤት ደርሶን ገብተናል።

ከሽመና ማሽኖቹ አንዱን ለጌጥ ብለው አበባ መሃል አቁመውታል። አባትሽ ታዲያ በጠዋት ቱታውን ለብሶ ይሄድና ግሪስ ይቀባዋል። ትናንት አንዲት ሙሽራ ፎቶ ልትነሳ ብትደገፈው ነጭ ቀሚሷ ግሪስ በግሪስ ሆነ። አትክልተኛው እየሮጠ መጣ፤ "እማማ፣ ኧረ ጋሼን ያዙልን!" አባትሽ ግን ሙሽራዋን "ያለ ቱታ ማን አስገባሽ?" ብሎ ተቆጣት። ደግነቱ ልጅቷ ሳቀች፣ እኔም በሳቅ ፍርስ አልኩ።

የሰፈሩ በሮች ደግሞ መልካቸው አንድ ነው፣ ማንንም ያሳስታሉ። ባለፈው አባትሽ ሰው ቤት ገብቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ "ዛሬስ ጨው ጎድሎታል" ብሎ ወጣ። እኔም በራችንን ቀይ ቀባሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት አብሬው እወጣለሁ፤ ለጉልበቴ ጥሩ ነው።

አባትሽም ሰላም ብሎሻል። ስትደውዪ ግን መጀመሪያ ስምሽን ንገሪው፣ ልጁ መሆንሽንም ጨምሪበት። የላክሽልን አዲሱ ስልክ ድምፅ ያዛባል መሰለኝ።

ቶሎ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

እናትሽ