የአባባ ቮልስ ቂጭ ቂጭ ትላለች

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጣሀ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ከረምክ ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህስ፣ ቀኑን ሙሉ ግሬደር ላይ መንገጫገጩ አልጎዳህም? የኦሞ ሙቀትስ፣ ወባውስ? እማማ ዝናብ በዘነበ ቁጥር «ልጄ አጎበሩን ዘርግቶ ይሆን?» ትላለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን ሁሉ ነገር እንዳይመስልህ። አንድ የጨነቀኝ ነገር አለ፤ ካምፓችሁ ኔትወርክ ቢኖረው ኖሮ በስልክ አሰማህ ነበር። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሾፌሩ ኑርሁሴን ነው፤ ሲመለስ መልስህን በእሱ ላክልኝ።

የላክኸው ፒስተንና ሲሊንደር ደርሶ አባባ ቮልሷን ሠራት። ሞተሩን ራሱ አወረደ፣ ራሱ ፈታ፣ ራሱ ገጠመ። ጡረታ መውጣቱን ረስቶ በዚያች ባረጀች ቱታ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ብታየው! እማማ «ሰውዬው እንደገና ሊዳር ነው መሰለኝ» እያለች ስትስቅበት ነው የከረመችው። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም።

ሥራው ያለቀው የዛሬ ወር ገደማ፣ ጁምዓ ዕለት ነው። ከሶላት መልስ ጎረቤቱ ተሰበሰበና እንደ ወጋችን ዱዓ ተደረገ። ዕድሜ ልካቸውን ከአባባ ጋር አንድ ጋራዥ የሠሩት ጋሽ ኪዳኑም ማተባቸውን እንዳሰሩ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሣ። ሰው አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ከእልልታው ሥር አንድ ነገር ሰማሁ። ቂጭ፣ ቂጭ፣ ቂጭ፣ ቂጭ። ነዳጅ ሲሰጡት ይፈጥናል፣ ሲለቁት ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። አባባን አየሁት፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፈገግ ብሏል። ጋሽ ኪዳኑን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው ሰምተዋል፣ አባባ አልሰማም። ቆሞ በማዳመጥ ብቻ የመኪናን በሽታ የሚናገረው፣ ድፍን ደሴ በጆሮው የሚያውቀው አባታችን አልሰማም ጣሀ።

ማን ይንገረው? ዱዓ በተደረገበት ነገር ላይ ክፉ ቃል አይጣልም። ደግሞም ያን ፊቱን እያየ የሚደፍር የለም። አላፊ አግዳሚውን «ድምፁ እንዴት ነው?» ይላል፤ ሁሉም «ማሻ አላህ!» ይለዋል። ለማንም የማይመለሱት ጎረቤታችን እትዬ ብዙዬ እንኳ «እጅዎ ይባረክ፣ የልብስ ስፌት መኪና እኮ ነው የሚመስለው» አሉት። እኔንም ጠየቀኝ፤ እኔም ማሻ አላህ አልኩ። ዞር ሲል ግን ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አንድ ቀን አባባ ወደ መስጊድ ሲወጣ ጋሽ ኪዳኑ ሹልክ ብለው መጡ። እኔ ሞተሩን አስነሣሁ፣ እሳቸው የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ እየነቀሉ አዳመጡ። የሦስተኛው ሲነቀል ቂጭታው ጠፋ። ቫልቭ ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር አሉኝ። ወይ ካንዴላው በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ይተነፍሳል፣ ያ ቀላል ነው፤ ወይ ደግሞ ከፒስተኑ በታች ዘንጉን የሚይዘው ብሮንዚን ተበልቶ ነው፣ ያ ከሆነ ሞተሩ የሐረጎ ዳገት ላይ ይበጠሳል። ቁልፍ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ የአባባ ከዘራ በር ላይ ተሰማ። ገመዱን እንዴት መልሰው እንደሰኩት አላውቅም። አባባ ምን ሆናችሁ ሲለን፣ እያደነቅኩት ነው፣ በማርያም እልሃለሁ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም አሉት።

ከዚያች ቀን ወዲህ አባባ ከመኪናዋ አይርቅም፤ ሶላቱንም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሰግዳል። ይባስ ብሎ ከእንግዲህ ኮምቦልቻ ፋብሪካሽ ድረስ የማደርስሽ እኔ ነኝ፣ ሚኒባስ ስትጋፊ አላይም አለኝ። ስንመለስ የሐረጎ ዳገት ላይ ሞተሩ ቀጥ ቢል፣ ከኋላችን ሲኖትራክ ቢኖር እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እምቢ ብል ምክንያት ይጠይቀኛል። ፈረቃዬ ተቀየረ፣ ፋብሪካው ሰርቪስ መድቦልናል እያልኩ ስዋሽ ከረምኩ። ወላሂ የማደርገው ጠፋኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ጠራኝ። ሞተሩ ይሠራል። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን በፊት ጥርሶቹ ነክሶ ቆሟል። ድሮ ጆሮው ላይ ነበር የሚያደርገው፣ ታስታውሳለህ። ከአፉ አወጣውና «ትመታለች» አለኝ። ጥርሴ ይሰማል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አይለይልኝም አለ። እንዴት አወቅህ ስለው መልሱ አንጀቴን በላው። ሰው ሁሉ ሲያደንቀኝ ነው ያወቅኩት አለ። አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ ጋሽ ኪዳኑ አንድ እንከን ሳያወጡለት ያለፈ ሞተር የለም፤ በዚያ ሲጣሉ ሲታረቁ ነው የኖሩት። «ኪዳኑ በማርያም ምሎ ሲያደንቀኝ፣ ያን ጊዜ ጆሮዬ እንደሄደ አወቅኩ» አለኝ። እሱ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እንግዲያው ጋሽ ኪዳኑን እንጥራቸውና ይዩት ስለው ተቆጣ። በማርያም የማለበትን ነገር ሐሰት ላድርግበት? ያፍራል፣ ዳግመኛ ግቢዬን አይረግጥም፤ እኔ ብፈታትም ያውቅብኛል አለ። ማወቁን እንዳልነግራቸው አስማለኝ። እሳቸው ደግሞ ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ ብለው ቀድመው አስምለውኛል። እኔ በሁለት ሽማግሌ መሐል ታንቄ ቀረሁ። ቮልሷም አልወጣችም። ጠዋት ጠዋት ያስነሣታል፤ ጋሽ ኪዳኑ ይመጣሉ፤ ጎን ለጎን ቆመው ያዳምጧታል። አባባ ይጠይቃል፣ እሳቸው ግሩም ነው ይላሉ፣ አባባ አልሐምዱሊላህ ብሎ ያጠፋታል።

ጣሀ፣ አንተ ዱዓው ላይ አልነበርክም። ማሻ አላህ ያላልክ አንተ ብቻ ነህ። ከመንገድ ገብተህ ሻንጣህን ሳታስቀምጥ «ይቺ መኪና ትመታለች» ብትል ማንም አያፍርም፤ ልጅ ነው፣ አሁን መጣ ይባላል። በሞትኩት ፈቃድ ጠይቀህ ና። አንድ ካንዴላ ማጥበቅ ብቻ ሊሆን ይችላል እኮ፤ እሱን እንኳ ማድረግ አቃተን።

እማማ ዓይንህን ለማየት ጓጉታለች፣ በርበሬ በኑርሁሴን ልካልሃለች። እትዬ ብዙዬ እንደምን ነህ ብለውሃል። ጋሽ ኪዳኑ ሰላም ብለውሃል፤ መኪናዋ እንደ አዲስ ሆናለች ብለሽ ጻፊለት አሉኝ። አባባም በዱዓው አልተለየህም። ፒስተኑ ልኩ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው፣ ጣሀ መጥፎ ዕቃ የላከልኝ መስሎት እንዳያዝን ንገሪው ብሎኛል።

እህትህ ዘይቱና

ደሴ፣ ሆጤ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.