ያልቀለጠው የባሕር ብር

በስመ ሥላሴ። እኔ እንዳላማው የሽዋስ፣ ስመ ክርስትናዬ ኃይለ ሚካኤል፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ጠላት ደብረ ማርቆስን በያዘበት ዘመን፣ በ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን፣ ከይጁቤ በላይ ባለው ቤቴ፣ በነፍስ አባቴ በቄስ አንለይና በምስክሮች ፊት ይህን ተናዝዣለሁ።

ቤቱና በሬዎቹ የባለቤቴ የአሰገደች ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ታግሣኛለችና ማንም አይከራከራት። ወንዝ ዳር ያለው መሬት የሟቹ ልጄ የደምለው ሚስት የያለምወርቅና የልጇ የሙላቷ ነው።

የቀረው ሣጥኑ ነው። በጎልማሳነቴ ሰም ጭኜ ምጽዋ ስወርድ፣ ጠላቂዎች በጥንት ዘመን ከሰጠመ መርከብ ያወጡትን ብር አየሁ። ሁለት ዓምድ የተቀረጸበት፣ ጨው የበላው፣ የማላውቀው ንጉሥ ብር ነው። ከዚያ ወዲያ በወረድሁ ቁጥር በገበያ የሚሠራውን ጠገራ እየሰጠሁ ይህን ሰበሰብሁ። አሰገደች "ኧረ ቤቱ እያፈሰሰ ነው!" ስትለኝ እኔ ብር እወለውል ነበር። ወደድሁት፤ ምን ልበል።

አምና ደምለው ከጫካ "አባቴ፣ ጥይት አልቆብናል" ብሎ ላከብኝ። ጠገራ አልነበረኝም። ከሣጥኑ ዘግኜ ላክሁለት፤ ግን በኋላ መልሼ እገዛዋለሁ በሚል ምኞት "እንዳለ ስጠው፤ እንዳታስቀልጠው" ብዬ አዘዝሁት። ጥይት በስውር የሚሸጠው ሰው የሚያውቀው በጠገራው ላይ ያለችውን ሴትዮ ብቻ ነበርና "ይህ ደግሞ የማን ፊት ነው?" ብሎ መለሰው። ቢቀልጥ በሚዛን ይገዛው ነበር። ልጄ ግን ቃሌን ጠበቀ። ብሩን መልሶ ላከልኝ፤ በሳምንቱ ባዶ ጠመንጃ እንደያዘ ሞተ።

በልቅሶው ላይ "ግትርነቱ ገደለው" ሲባል ሰምቼ ዝም አልሁ። ያለምወርቅ፣ ልጄ፣ ግትሩ እኔ ነኝ። ባልሽ የሞተው ለእኔ ታዝዞ ነው። ለሙላቷ ይህንኑ ንገሪያት። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ብሩ ሁሉ ዛሬ ይቅለጥ። ድረስ የተባለው አንጥረኛ ወናፉን ይዞ ደጃፌ ተቀምጧል። ለሙላቷ የአንገት መስቀል ይሠራላት፤ የቀረው ለደምለው ጓደኞች ጥይት ይግዛ። ይህም ወረቀት ከጠላት እጅ እንዳይገባ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጥ። ሁሉም መቅለጡን ሳላይ አልፈርምም።

ቃላቸውን የጻፍሁ ቄስ አንለይ ነኝ። ተናዛዡ ብሩን በእጃቸው እያነሡ ለድረስ ሰጡ። የመጨረሻውን ግን ጨብጠው ቀሩ። ሊሰጡ ፈልገው ጣታቸው እንቢ አላቸው። ያለምወርቅ አጠገባቸው ተንበርክካ "አባባ፣ ይልቀቁት" አለች፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ ዘርግታ ወሰደችና ራሷ ከእሳቱ ጨመረችው። ያንኑ እጃቸውን ይዛ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክታ አሳተመቻቸው።

ምስክሮች፦ አቶ ጫኔ ውበቴ፣ አንጥረኛው ድረስ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ የደምለው ሚስት።