ግማሹ ስንኝ ከእኔ ጋር ነው

የኔ ዓለም፣ ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። በሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ፤ ይህ ግን የሁለታችን ነውና እንደ ጓዳችን አንተ ልበልህ። የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ተማሪ ብለህ የገፋፋኸኝ አንተ ነህ።

ቤቱ አለ፤ ጉባኤህ ግን ተበትኗል። ከቅኔ ተማሪዎችህ ገሚሱን ለውትድርና አፍሰው ወሰዷቸው፤ የቀሩትም ደብረ ታቦርን ጥለው ሄዱ። የተማሪ ጎጆዎቹን ዝናቡ አፈረሳቸው። 

ልጃችን ማንጠግቦሽ ለጥር ወደ ገሳይ ልትዳር ነው። ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ ማታ ማታ በትዳራችን ላይ ትቀልድበት የነበረውን ግጥም እንዳስጠናት። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ፤ የፊተኛው መጣልኝ።

ሽሮው ጨው በዛበት ብዬ ብናገራት፣
ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ጦሜን አደርኩላት።

ከዚያ ወዲያ አፌ ተያዘ። እንደ ጉባኤው ልማድ የምትጀምረው አንተ ነበርክ፤ ቤት መምቻውን ባንተው አፍ እንድጨርሰው ለእኔ ትተውልኝ ነበር። መጀመሪያህ ሁልጊዜ «ብናገራት» ብሎ ያልቃል፤ እኔ ደግሞ በ«ላት» መምታት አለብኝ። ልኩ ሲጎድልብኝ ጉልበቴን በጣትህ መታ መታ ታደርጋለህ፤ እኔም በሳቅ የያዝኩት ቃል ይጠፋኛል።

አሁን መልሶቼን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ ያንተ መጀመሪያዎች ግን የሉም። ይኸው፦ ከጥጃ ጋር አድሬ፣ ሲነጋ ሳቅሁላት። ምን ብለህ ተናግረኸኝ ነው ከጥጃ ጋር ያሳደርኩህ? መሪጌታው የጓዳ ግጥም ይገጥማል እንዳይባል ከቤት አላወጣኸውምና የሚጠየቅ ሰው የለኝም። ይህ ከቀብርህ ቀን ይልቅ አስለቀሰኝ።

ማንጠግቦሽ ራስሽ ሙዪው ብትለኝ ሞከርኩ። ቤቱ መታ፣ ልኩም አልጎደለም። ግን አንተ አልነበርክበትምና ተውኩት። መልሶቹን ብቻ አስጠናኋት፤ ከያንዳንዳቸው በፊት ያንተን ስንኝ ያህል ዝም እንላለን። እዚያ ላይ ስንደርስ እሷም እኔም አንተያይም።

ያንተን መያዝ አልቻልኩም። የኔን ግማሽ ግን እስከ መቃብሬ አልረሳውም። እዚያ ስንገናኝ አንተ ብቻ ጀምርልኝ።

ባለቤትህ