አንዴ ታይታ የጠፋችው ዜሮ፦ የፊዚክስ ተመራማሪዋ እህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከሬዲዮ ጠጋኙ አባታችንና ከአዋላጅ ነርሷ እናታችን መስከረም 14 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው አባታችን «ኤሌክትሪክ መንገድ ሲጠብበት ሽቦውን ያግለዋል» ሲሏቸው፣ «የማይግል ሽቦ የለም?» ብለው ጠየቁ። አባታችንም «እሱን ያገኘሽ ዕለት ሱቄን እዘጋለሁ» ብለው ሳቁ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በፊዚክስ ከተመረቁ በኋላ ለስድስት ዓመታት አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከመንገድ ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ልጆቻቸውን እያሳደጉ ዶክትሬታቸውን ይዘው በምርምር ማዕከል ተቀጠሩ።

ሥራቸው ከክሪስታል ላይ በፕላስተር እየላጡ፣ ውፍረቱ የአንድ ወይም የሁለት አቶም ያህል ብቻ የሆነ ስስ ንጣፍ ማውጣት ነበር። ንጣፉን በፈሳሽ ሂሊየም እጅግ አቀዝቅዘው ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች እክል ያልፍበት እንደሆነ ይፈትኑ ነበር፤ ይህ ጠባይ ያለው ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። ባልደረቦቻቸው «እሜቴ ፕላስተር» ይሏቸው ነበር፤ እርሳቸውም አይቀየሙም።

ሰኔ 9 ቀን 1998 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ እክሉን የሚለካው መሣሪያ ቁጥር ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ ቆመ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ። በማግስቱ ግን ያቺ ስስ ንጣፍ አየር ነክቷት ተበላሽታ ተገኘች። የማዕከሉ ኃላፊ ውጤቱ ቶሎ እንዲታተም ቢወተውቷቸውም፣ «እኔ አይቻለሁ፤ ደግሜ ካላሳየሁ ግን ለሰው አላወራም» አሉ። በዚህም ምክንያት የደረጃ ዕድገት አለፋቸው።

ያቺን ዜሮ አሥራ ሁለት ዓመት ፈለጓት። ጡረታ የወጡት ባለቤታቸው ምሳ ይዘውላቸው ሲመጡ ከበሩ ላይ «ዛሬስ መጣች?» ይሏቸዋል፤ «ገና ናት» ይላሉ እህታችን። ሌላ ሰው ቢሰማቸው መንገድ ላይ የቀረች ዘመድ የሚጠብቁ ይመስለው ነበር። ባለቤታቸው በጥር 2008 ዓ.ም. በልብ ሕመም ዐረፉ። እህታችን ሐዘናቸውን ለማንም ሳያወሩ፣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ምሳቸውን ግን ከዚያ ወዲህ ቆመው ይበሉ ነበር።

ኅዳር 20 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ የላጡትን ንጣፍ አየር በማይገባበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በሌሎች ሁለት ክሪስታሎች መካከል አሽገው ለኩ። ዜሮ ሆነች። በማግስቱም ሆነች፤ በሦስተኛውም ቀን። ያን ጊዜ ስልካቸውን አንሥተው የባለቤታቸውን ቁጥር ደወሉ። «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የሚለውን የማሽን ድምፅ እስከ መጨረሻው እንዳዳመጡት ለልጃቸው የነገሯት ከዓመት በኋላ ነው። «ስደውል ረስቼ አይደለም» አሏት።

ውጤታቸው ታተመ፤ በሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ተደግሞ ተረጋገጠ።

በ2015 ዓ.ም. በደም ካንሰር ታመው በሐኪም ሲረዱ ቆዩ። ባሕር ማዶ የምትኖረው ልጃቸው መጥታ የመጨረሻዎቹን አሥራ ዘጠኝ ቀናት ከአጠገባቸው ሳትለይ አስታመመቻቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ፤ እኛም ሦስት ታናናሾቻቸው እህት ብቻ ሳይሆን እናት ጭምር አጣን።

አምላክ ነፍሳቸውን እፎይ በሚሉበት ያሳርፍልን፤ ከናፈቋቸውም ያገናኝልን።