የችግኝ ላስቲክ የለበሰችው ኤሊ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ይህን ወረቀት ቆመሽ እንዳታነቢው። ከባድ መርዶ ይዣለሁ፤ ቴፒ ማቅ ለብሳለች። ቆይ ግን፣ ሰላምታ ይቅደም። ጤናሽ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት አቀለጠሽ ወይስ ያው እንደ ወፈርሽ ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁብሽ።

ባሕሩ ዳርቻ ሞታ ስላገኘሻት ኤሊ፣ ሆዷ በፌስታል ተሞልቶ ነበር ብለሽ እያለቀስሽ ስትነግሪኝ፣ እኔ «ቀብሯ ስንት ሰዓት ነው? ለእድሩ ተነግሯል?» ብዬ ሳቅኩብሽ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልሽኝ። ሦስት ወር ሆነ።

አሁን የቡና ችግኝ ተከላ ላይ ነን። ሌላው ሰው ችግኙ የበቀለበትን ጥቁር ላስቲክ በምላጭ ቀዶ ጆንያ ውስጥ ይከታል። እኔ ግን ጉረኛው ሳልቀድ እንደ ካልሲ ሞሽልቄ አወጣውና ወንዙ ላይ እለቀዋለሁ። «ለእህቴ ጅቡቲ ፖስታ እየላክሁ ነው» እያልኩ ሰው አስቃለሁ። ጓደኛዬ ተካ «አንተ ደነዝ፣ ይሄ ውሃ እኮ ሱዳን ነው የሚወርደው!» አለኝ። እንደ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው በየት ይወቀው?

ማክሰኞ እጄን ልታጠብ ስወርድ አንዲት ኤሊ ድንጋይ ሥር ትፍጨረጨራለች። የእኔው ላስቲክ አንገቷንና አንድ እግሯን አንድ ላይ አንቋታል። እግሯ አብጧል፤ አንገቷን ወደ ውስጥ መሳብ እንኳ አቅቷታል። ምላጭ ተውሼ ቀደድኩላት። አለቃችን ራሔል ከላይ ሆና «ችግኙ እየጠወለገ አንተ ከኤሊ ጋር? ልታገባት ነው እንዴ?» አለችኝ። «ቤተሰቦቿ እሺ ካሉ» አልኳት። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቤት ወስጄ ሳፋ ውስጥ አኖርኳት። ትል ቆፍሬ ብሰጣት እምቢ፣ ብሰድባት ዝም። ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ዓርብ ጠዋት በላች። ያን ቀን ስንት ነገር አወራኋት መሰለሽ! ቅዳሜ ውሃዋ ውስጥ መለስኳት፤ እያነከሰች ገባች። ዞር ብላ ታየኝ እንደሆነ ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ወንዙን ተከትዬ ላስቲኬን ስለቅም ዋልኩ። ጆንያው ሞላ፤ ሁሉንም ግን አላገኘሁትም።

ወረቀቱን ቡና ጭኖ የሚመጣው ሹፌር፣ ታምሩ፣ ይሰጥሻል። እዚያ ሁለት ቀን ያድራል። ስድብም ቢሆን በእሱ ላኪልኝ።

አምላክ ከሙቀቱም ከክፉ አሠሪም ይሰውርሽ። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም፤ የአንዲት ኤሊ እግር አብጦ እብጠቱ ጎደለ፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያስፈጅ ነገር አልነበረም።

ታናሽ ወንድምሽ