ቢጫው ቅጠል የመጣበት መንገድ

የኔ እህት፣

ትናንት በስልክ ስነግርሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ፖስት ካርድ ግን አይዘጋምና አሁን ስሚኝ።

እዚህ ለሥልጠና የመጣሁበት ላብራቶሪ፣ ቅጠል የሚቆረጠው በቅጽበት የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ተክሉ አጠገብ አቅርበው ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ሴትዮ የናይትሮጅኑን ዕቃ ይዛ ቆመችልኝ። ቢጫውን ቅጠል ቆርጬ እንደ ልማዳችን አቧራውን ልጠርግ ስል፣ «ክተቺው!» ብላ ጮኸችብኝ። «የቅጠሉ ጉልበት፣ ኒውክሊዮታይዱ፣ እጅሽ ላይ እያለቀ ነው እኮ! እርጅናው የቀነሰውን እጅሽ ላይ ካለቀው በምን ልትለዪው ነው?»

ክው አልኩ። እኛ ጋ ለጋው ተክል ያለው የላብራቶሪው በር ላይ፣ ያረጀው ደግሞ ግቢው ጥግ ነው። ለጋውን ቅጠል ወዲያው እናቀዘቅዘዋለን፤ ቢጫውን ግን በእጃችን ይዘን፣ እያወራንና እየሳቅን ነው የምናመጣው። «ቅጠል ሲያረጅ ኒውክሊዮታይዱ በግማሽ ይቀንሳል» ብለን የጻፍነው፣ ማን ያውቃል፣ ግማሹን የበላው መንገዱ ይሆናል።

በሞቴ፣ ጽሑፉን ለመጽሔቱ እንዳትልኪው። ስንት እንደለፋሽበት አጥቼው አይደለም፤ እኔም ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ስመጣ ናይትሮጅኑን ተሸክሜ እስከ ግቢው ጥግ እከተልሻለሁ፤ መቀሱን የምትይዢው አንቺ ነሽ።